ከጠጅ ጋኑ ጀርባ ያስቀመጥኩት ሳጥን

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኳቸውም። በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ሲገባ እግራቸው ሥር ቁጭ እልና የተሳደብኩትን፣ ጠጁ ውስጥ ያበዛሁትን ውኃ፣ ረስቼ ዓርብ ቀን የቀመስኩትን ቅቤ ሁሉ እዘረዝርላቸው ነበር። እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው ከሰሙኝ በኋላ "ሌላስ የቀረ አለ፣ ልጄ?" ይሉኛል። "የለም አባቴ" እላለሁ። መስቀላቸውን እየተሳለምኩ "የለም" እላለሁ። እሳቸው ካረፉ ቆዩ፤ እኔ ግን ያንን "የለም" እስከ ዛሬ ይዤው አለሁ። እነሆ ለእናንተ ልናገር ነው።

ስሜ የሺ ነው። በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ገደማ እስቴ መካነ ኢየሱስ ላይ ጠጅ ቤት ነበረኝ። ባል አልነበረኝም፤ ልጅም አልወለድኩም፤ ያለኝ ያ ቤት ብቻ ነበር። ይህን የምላችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ከእኔ የባሰ ችግረኛ ብዙ አይቻለሁ፤ እኔ ያደረግኩትን ግን አላደረጉም።

ተገኘ የሚባል አዝማሪ ነበር። ሚስቱ ይታክቱ ትባላለች። እሱ መሲንቆውን ይዞ ግጥም ያወጣል፣ እሷ ትቀበለዋለች። ክረምት ሲገባ፣ መንገዱ ሲጨቀይ፣ ወንዙ ሲሞላ፣ ከቤቴ ጓሮ ባለችው ጎጆ ያርፉ ነበር። በገበያ ቀን እንግዶቼን ያጫውቱልኛል፤ እኔ አበላቸዋለሁ፣ አጠጣቸዋለሁ፤ ሰው ግንባሩ ላይ የሚለጥፍለት ብር የእሱ ነው። እንዲህ ሆነን አምስት ክረምት አብረን ከርመናል። ይታክቱ ጌሾ ትወቅጥልኛለች፣ ራሴን ሲያመኝ ታሸኛለች፤ "እትዬ የሺ" ብላ ነው የምትጠራኝ፤ አንድ ቀን "አንቺ" ብላኝ አታውቅም።

ጥር ሲገባ ግን ጥለውኝ ይሄዳሉ። ሰርግ ነዋ! ተገኘ ዓመቱን የሚኖረው ጥርና የካቲት በሚያገኘው ነበር። ከሰርግ ቤት እህል ይሰፈርለታል፣ ማር ይሰጠዋል፣ አንዳንዱ ጌታ በግ ያስጎትተዋል። እነሱ በሄዱ ማግስት ቤቴ ጭር ይላል። ትናንት "የሺ ሙች!" ሲሉኝ የነበሩት ሰዎች ማዶ ወዳለው ጠጅ ቤት ይሻገራሉ። ያኔ በሬ ላይ ቆሜ የማዶውን ሳቅ እየሰማሁ የማስበውን እኔ አውቃለሁ። የእኔን ጠጅ ጠጥቶ፣ የእኔን እንጀራ በልቶ፣ ድምፁን ለሌላ ይዞ ሄደ እያልኩ አስብ ነበር። ድምፁ የእኔ ይመስል!

የአዝማሪን ሥራ የማያውቅ ሰው ግጥሙን እዚያው ተነሥቶ ያፈልቀዋል ብሎ ያስባል። ተገኘን ያየ እንዲያ አይልም። ክረምቱን ሙሉ አንዲት ስንኝ ይዞ ሲያገላብጥ አይቼዋለሁ፤ ምሳውን ትቶ፣ ግድግዳ ላይ አፍጥጦ። ለአንድ ጌታ ሰርግ የሚያወጣው ሙገሳ ከዚያ ሰርግ በፊት በማንም ጆሮ መግባት የለበትም። አዲስነቱ ነው ዋጋው። አንዴ ሌላ ቦታ ከተሰማ ግን ሰው የጎረሰው ጉርሻ ነው፤ ማን ይነካዋል? ስለዚህ ተገኘ አዲሱን ግጥም የሚሞክረው በሩን ዘግቶ በሁለት ሰዎች ፊት ብቻ ነበር። አንዷ ይታክቱ ናት። ሁለተኛዋ እኔ ነኝ።

በዚያ ዓመት ስማዳ ያሉ አንድ ፊታውራሪ ልጃቸውን ሊድሩ ነበር። ተገኘን አስጠርተው የአባታቸውን፣ የአያታቸውን፣ የራሳቸውን ስም የሚያነሳ ሙገሳ እንዲያወጣ አዘዙት። ካስደሰታቸው ጥማድ በሬና የሚያርሰው መሬት ሊሰጡት ቃል ገቡ። አዝማሪና መሬት! ለእናንተ ይህ ምንም አይመስላችሁ ይሆናል። በአባቱም በአያቱም ዘር መሬቱ የኔ ነው ብሎ እርፍ የጨበጠ አልነበረም። ይታክቱ ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ታለቅስ ነበር። "እትዬ፣ ከእንግዲህ በሰው ደጅ አንከርምም" አለችኝ። እኔም እልል አልኩ። በውስጤ ግን ሌላ አሰብኩ። ከሄዱ አይመለሱም ማለት ነው።

መስቀል እንዳለፈ መኳንንት መጣ። መኳንንት ነጋዴ ነው፤ ከደብረ ታቦር ጨውና አቡጀዲ በበቅሎ ጭኖ እስከ ጋይንትና ስማዳ ይዘዋወራል። በዚያን ጊዜ ቴፕ የሚባል ነገር ይዞ መዞር ጀምሮ ነበር። ሰው ተሰብስቦ ይሰማለታል፣ ካሴቱንም የደላቸው ሰዎች ይገዙታል። እሱ አንዱን ቴፕ ከሌላው ፊት ለፊት አስቀምጦ፣ ቤት ዘግቶ፣ የአንዱን ድምፅ ወደ ሌላው ይቀዳል። አንዴ ያገኘውን ድምፅ አሥር ቦታ ይሸጠዋል። ዘፋኙ የት እንዳለ፣ በልቶ ይደር ጾሙን ይደር፣ መኳንንት አይጠይቅም።

እንግዶች ከወጡ በኋላ ወደ ጓዳ ጠርቶኝ ቴፑን እያሳየ እንዲህ አለኝ። "የሺ፣ ያ የፊታውራሪው ሙገሳ እጅግ አምሯል ይባላል። ይህችን ሳጥን እሱ ሲዘፍን አጠገቡ አኑሪልኝ። መንገድ ላይ ብቻዬን ስሄድ የምሰማው ነው።"

"ለራስህ ብቻ?"

"ለራሴ። ለአንቺም ከፋሲካ በኋላ አንድ ቴፕ አመጣልሻለሁ። ከዚያ በኋላ ተገኘ ኖረ ሄደ ምን ቸገረሽ?"

ለራሱ ብቻ እንዳልሆነ አውቄያለሁ። እናንተ ፊት ልዋሽ? አውቄያለሁ። "ለራስህ ብቻ?" ብዬ የጠየቅኩት በኋላ ለራሴ "ጠይቄው ነበር" እንድል ነው። ቀዩን ቁልፍ እንዴት እንደምጫን አሳየኝና ሄደ።

በማግስቱ ሳጥኑን ከጠጅ ጋኑ ጀርባ አስቀመጥኩ። ነጠላዬን ጣል አደረግኩበት። እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጥቼ ተገኘን ጠራሁት፤ "ያንን ሙገሳ ከነአዝማቹ እስቲ አሰማኝ፣ ልቤ ፈልጎታል" አልኩት። ይታክቱን አስከትሎ ገባ። በሩን ራሱ ዘጋው፤ ሰው እንዳይሰማበት! ጠጅ ልቀዳለት ብዬ ወደ ጋኑ ሄድኩ፣ እጄን በነጠላው ሥር አስገባሁ፣ ቁልፉን ተጫንኩ። ቀጭ አለች። ማንም አልሰማም። ተመልሼ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

እንዲያ ሲዘፍን ሰምቼው አላውቅም። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጉንጩን ወደ መሲንቆው አስጠግቶ፣ እንዲህ አለ፦

ደጁ የማይዘጋ ለራበው እንግዳ፣
እንዲህ ያለ ጌታ አፈራች ስማዳ።

ይታክቱ ተቀበለችው። ደስታዬን ልግለጽ ብዬ ልናገር ስል ሳጥኑ ትዝ አለኝና ቃሌን ዋጥኩ፤ ትን አለኝ፣ ሳልኩ። ሦስት ጊዜ ሳልኩ። ተገኘ መሲንቆውን አቁሞ "ውኃ ይጠጡ እትዬ" አለኝ። የእኔን ሳል ተጨንቆ አቆመልኝ። እኔም ውኃ ጠጣሁና "ቀጥል" አልኩት። ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው? ሁልጊዜ ራሴን የምጠይቀው ይህን ነው፤ ሁልጊዜም ያው እኔው ነኝ መልሱ።

መኳንንት መጥቶ ሳጥኑን ወሰደ።

የገና ጾም ከመግባቱ በፊት ባለው ሳምንት ከጋይንት የመጡ ባለ በቅሎዎች ቤቴ ጎራ አሉ። ጠጅ ሲቀምሱ እርስ በርስ ይሳሳቃሉ። ንፋስ መውጫ አንድ ግራዝማች ቤት ቴፕ ሲሰሙ ሰንብተዋል። ግራዝማቹና የስማዳው ፊታውራሪ በመሬት ክርክር ደም የተቃቡ ናቸው፤ ይህን የማያውቅ አልነበረም። መኳንንት የፊታውራሪውን ሙገሳ ለማን እንደሸጠው አያችሁ? ግራዝማቹ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያስከፍቱታል፣ "ጌታ" በሚለው ቦታ ሁሉ እየተቀባበሉ "አህያ" ይሉበታል፣ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ባለ በቅሎዎቹም ይህን እያወሩ ሳቁ። እኔ ቀጂ ነኝና ብርሌያቸውን እየሞላሁ አብሬ ሳቅሁ።

ተገኘ በዚያ ሰዓት ጓሮ ነበር። የመሲንቆውን ቆዳ እየወጠረ። ከእኔ እስከ እሱ ሃያ እርምጃ አይሞላም።

ሰርጉ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። ሁለት ወር ነበረኝ። ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ አየዋለሁ። "ተገኘ፣ ያ ግጥም ወጥቷል፣ ሌላ አውጣ" ማለት ብቻ ነበር። እንዴት እንደወጣ መናገር እንኳ አያስፈልገኝም ነበር፤ ከባለ በቅሎዎች ሰማሁ ብል ያምነኛል። ሁለት ወር ለእሱ ሌላ ሙገሳ ለማውጣት ይበቃው ነበር። አንዳንድ ቀን ልነግረው ወጥቼ ጓሮው ድረስ ሄጃለሁ። ቀና ብሎ "እትዬ፣ ምን ልታዘዝ?" ይለኛል። "እንጨት ፍለጥልኝ" ብዬው እመለሳለሁ። ያን ጊዜ የፈለጠልኝ እንጨት ለፋሲካም ተርፏል።

የሄዱ ቀን ጠዋት ነው፤ ውርጩ ከሣሩ ላይ ገና አልረገፈም። ይታክቱ አዲስ ሻሽ አስራ ነበር። ከደጄ ተንበርክከው ተሰናበቱኝ። ተገኘ "ይመርቁን እትዬ" አለኝ። እናት አልነበረችውም። እጄን ዘርግቼ መረቅኳቸው። "በሰላም ግቡ፣ እግዜር ሞገስ ይስጣችሁ" አልኩ። ወዴት እንደምሸኛቸው እያወቅኩ መረቅኳቸው። ቁልቁለቱን ወርደው ከዓይኔ እስኪሰወሩ ቆሜ አየኋቸው፤ እሱ ፊት ፊት፣ እሷ ከኋላ፣ መሲንቆው በነጠላ ተጠቅልሎ ጀርባው ላይ።

የሆነውን የነገረኝ ራሱ ተገኘ ነው። ዳሱ ሞልቷል። ሙሽራው የጋይንት ሰው ነበርና ከእሱ ጋር የመጡ ብዙ የጋይንት ሰዎች ነበሩ። ፊታውራሪው "በል" አሉት። ተነሣ። መሲንቆውን አንዴ ገዝገዝ አደረገና "ደጁ የማይዘጋ ለራበው እንግዳ" አለ። ትንፋሽ ሊስብ ሲል ከዳሱ ጥግ አንድ የሰከረ ሰው ተቀበለው።

"እንዲህ ያለ አህያ አፈራች ስማዳ!"

ሁለት ሦስት ሰዎች ሳቁ። ከዚያ ማንም አልሳቀም። ፊታውራሪው ሰካራሙን አስቀርበው ጠየቁት። ግራዝማቹ ቤት ከሳጥን እንደሰማው፣ ድምፁም የዚሁ የተገኘ ድምፅ እንደሆነ፣ ጋይንት ልጆች ሳይቀሩ እንደሚሉት ተናገረ። ፊታውራሪው ወደ ተገኘ ዞሩ።

"የአባቴን ስም ለጠላቴ ሸጥከው?"

"ጌታዬ፣ በመድኃኔ ዓለም፣ ከዚህ በፊት በማንም ፊት..."

አላስጨረሱትም። ሎሌዎቹ ከዳሱ ጀርባ ወሰዱት። መሲንቆውን ድንጋይ ላይ ሰበሩት። የግራ እጁን እዚያው ድንጋይ ላይ አስቀምጠው በጠመንጃ ሰደፍ መቱት። ይታክቱ የፊታውራሪው እግር ላይ ወድቃ ነበር። ማንም አልሰማትም።

ከአራት ቀን በኋላ እኔ ቤት ደረሱ። እጁ በሻሿ ተጠቅልሏል፤ ጨርቁ ደርቆ ጠቁሯል። ወጌሻ አስጠራሁ፤ የደቀቁትን ሦስት ጣቶች አይቶ ራሱን ነቀነቀ። እንጀራ አቀረብኩ። ተገኘ አልበላም። ይታክቱን ውኃ እንድትቀዳ ላካትና ብቻችንን ሆንን። ከዚያ ጠየቀኝ።

"እትዬ፣ ግጥሙን እርስዎና ይታክቱ ብቻ ነው የሰማችሁት። እርስዎ እናቴ ነዎት። እኔ ሳጥን ፊት ዘፍኜ አላውቅም። መኳንንት ነው የሸጠው አሉ። ሳጥኑን እዚህ ማን አስገባው? ይታክቱና መኳንንት... እዚህ ቤት አብረው ሆነው አይተዋቸው ያውቃሉ?"

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ሳጥኑን ማስቀመጤ በደል ነው። ሁለት ወር ዝም ማለቴ ከዚያ የባሰ በደል ነው። ይህ ግን ሌላ ነው። ያኔ "እኔ ነኝ" ብል ምን ያደርገኝ ነበር? ሦስት ጣቱ የተሰበረ ሰው ምን ያደርገኛል? ሊሰድበኝ ይችላል፣ ሊያለቅስ ይችላል። ተነሥቶ ይሄዳል። ከዚያ በቀር ምን?

ይታክቱ አስራው የሄደችው ሻሽ ከመኳንንት የተሰጣት ነበር። ነጋዴ ነውና አንድ ቀን እኔም እንግዶቼም ባለንበት ከጭነቱ መዝዞ "ለሰርጉ ታሰሪው" ብሎ ሰጣት፤ እሷም እጅ ነሥታ ተቀበለች። ተገኘ ያን ቀን ገበያ ወርዶ ነበር። ሌላ ምንም የለም።

እኔም፦ "እኔ እንጃ ልጄ። ሻሽ ሲሰጣት አይቻለሁ" አልኩት።

ሐሰት አልተናገርኩም። ሲሰጣት አይቻለሁ። በእውነት ሰው መግደል እንደሚቻል ያን ቀን አወቅኩ። ተገኘ እጁን ተመለከተ፤ እጁን የጠቀለለበትን ጨርቅ ተመለከተ። ያው ሻሽ ነበር። በቀኝ እጁ፣ በጥርሱ፣ እየጎተተ ፈታው። ደሙ እንደገና ፈሰሰ። ጨርቁን ምድጃው ውስጥ ወረወረው።

ይታክቱ እንስራዋን አዝላ ስትገባ ጨርቁ እየተቃጠለ ነበር። "ሂጂ" አላት። ምን ሆንክ አለች። "ወደ ሰጠሽ ሂጂ" አላት። ማለች፣ ለመነች፣ እግሩን ያዘች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "እትዬ የሺ፣ ንገሩታ! እርስዎ እያሉ አይደል የሰጠኝ? ንገሩታ!" አለችኝ። እኔ ምድጃውን እየቆሰቆስኩ ነበር። ቀና አላልኩም። እንስራውን እንኳ ሳታወርድ ነው የወጣችው፤ በሩ ላይ ነው ትዝ ያላት፣ እዚያው አስቀምጣው ሄደች።

ተገኘ ከዚያ በኋላ አንድ ወር ያህል ቆየ። የሚጠራው አልነበረም። ሙገሳ ሸጠ የተባለን አዝማሪ ማን ደፍሮ ሰርጉ ያስገባዋል? ቢያስገባውስ በምን ጣቱ? ሊያዝንለት የሚመጣውም ሰው "ድምፅህን ደብረ ታቦር ሰማሁት፣ አምሯል" ይለው ነበር። በካሴት በየቦታው ይዘፍናል፤ እሱ ግን የሚቀምሰው የለም። ድምፁ በበቅሎ እየተጫነ አገር ሲዞር እሱ ጓሮዬ ውስጥ ቆሎ እየቆረጠመ ይውላል። አንድ ማለዳ ሳይነግረኝ ሄደ። በኋላ ጋይንት ቤተ ልሔም ደብሩ አጠገብ ከነዳያን ጋር ተቀምጦ አየነው አሉኝ። ሌላው ነዳይ በዜማ ሲለምን እሱ ዝም ብሎ እጁን ብቻ ይዘረጋል አሉ።

ከፋሲካ በኋላ መኳንንት ቃሉን ጠበቀ። ቴፑን ከነካሴቱ አመጣልኝ። "አልፈልግም" ያልኩ ይመስላችኋል? ተቀበልኩት። ተቀብዬም አጫወትኩት። ቤቴ ሞላ፤ የማዶዎቹ እንኳ መጡ። የተገኘ ድምፅ ክረምት ከበጋ ከእኔ ዘንድ ሆነ፤ አይበላ፣ አይጠጣ፣ ጥር ሲገባ አይሄድ። የተመኘሁት ይህን አልነበር? መጀመሪያ ሰሞን ስሰማው ወደ ጓሮ እወጣ ነበር። ከዚያ ለመድኩት። እሱ ነው ዛሬ የሚያስፈራኝ፤ መልመዴ።

አንድ የገበያ ቀን ካሴቱ እየዘፈነ ብርሌ ስሰበስብ ይታክቱ በሩ ላይ ቆማለች። ከስታለች፤ በራስዋ ላይ ምንም አላሰረችም። የራስዋን ድምፅ ቆማ አዳመጠች። ከዚያ በካሴቱ ውስጥ ያቺ ሳል መጣች። ሦስት ጊዜ። ቀጥሎም የተገኘ ድምፅ፣ "ውኃ ይጠጡ እትዬ"። እንግዶቹ ሁልጊዜ እዚያ ላይ ይስቁ ነበር፤ ያን ቀንም ሳቁ። ይታክቱ አየችኝ። ወደ ጓዳ ተከተለችኝ።

"አንቺ ነሽ" አለችኝ።

የያዝኩትን ብርሌ መሬት አኖርኩ።

"አልጮህም፤ ሰው አልጠራም። እኔ ብነግረው አያምነኝም። አንቺን ግን ያምናል። ቤተ ልሔም ነው ያለው። ሄደሽ አንድ ጊዜ ንገሪው። እኔ እንዳልሆንኩ ይወቅ፤ ሌላ አልጠይቅሽም።"

"እሄዳለሁ" አልኳት። "በቅድስት ማርያም፣ በመጪው ሳምንት እሄዳለሁ።"

በመጪው ሳምንት ጠጅ ጥዬ ነበር። በሚቀጥለው ዝናብ ጀመረ። ከዚያ ወንዙ ሞላ አልኩ። ወንዙ ሲጎድል ተስቦ ገብቷል ተባለ፣ ፈራሁ። ኅዳር ላይ ከቤተ ልሔም የመጣ አንድ የቆሎ ተማሪ ቤቴ ደጃፍ ቆሞ ሲለምን ጠየቅኩት። "ያ እጁ የተሰበረው? በጳጉሜን ተቀበረ" አለኝ። ሚስቱን እንደጠረጠረ፣ ሚስቱን እንደረገመ ሞተ።

ይህን ስሰማ ቴፑን ሰበርኩት ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። አልሰበርኩትም። ካሴቱ እስኪያልቅ፣ ድምፁ እየተጎተተ የሰው ድምፅ መምሰል እስኪተው ድረስ አጫውቼዋለሁ።

ደሀ ነበርኩ፣ ብቸኛ ነበርኩ፣ የቴፕን ነገር አላውቅም ነበር ልበል? የቴፕን ነገር ባላውቅም የተገኘን ነገር አውቅ ነበር። ግጥሙ እንጀራው እንደሆነ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም፤ በሩን ሲዘጋ እያየሁ ነው ቁልፉን የተጫንኩት።

ይታክቱ በሕይወት አለች። ንፋስ መውጫ አጠገብ ከወንድሟ ልጆች ጋር ትኖራለች። ሌላ ባል አላገባችም። ዛሬ መኪና አለ፤ ጠዋት ብሳፈር ሳይመሽ እደርሳለሁ፤ እግሬም ገና ይሄዳል። ሄጄ ግን አላውቅም። ነገ እሄዳለሁ ብላችሁም አትመኑኝ፤ ለእሷም እንዲሁ ብያት ነበር። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ እናንተን ምን አድርጌያችሁ? ይቅርታ ብጠይቅ የምጠይቀው እዚያች ሴት ደጅ ቆሜ ነው። እሷን ትቼ ለእናንተ የተናገርኩት እናንተ ፊቴን ስለማታዩት ነው።